የካርዶቹ ጀርባ

በመካነ ሰላም ካርቶን እንደ ቀላል ነገር የሚጥል ሰው ካለ ዜሮ ክፍል አስተምሮ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ አስተምራለሁ። ስለዚህ ሌላው ሰው ሱቅ ሲገባ ዕቃውን ሲያይ፣ እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ዕቃው በመጣበት ካርቶን ላይ ነው። ባለሱቁ ጋሼ ሙሄ ይህን አመሌን ስለሚያውቁ፣ ከደሴ የመጣ አይሱዙ ዕቃ ሲያራግፍላቸው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ "መጣች ደግሞ። ነይ ውሰጂ፤ ሳሙናው ይቅርብሽ፣ ካርቶኑ ያጥብሽ" ይሉኛል። እሳቸው ይቀልዳሉ። እኔ ግን እወስዳለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ልጆቼ፣ ማለት የማስተምራቸው፣ አዲስ ቃል የሚማሩት በሥዕል ነው። አንድ ዓይነት ሥዕል በሁለት ካርድ ላይ እሥላለሁ፤ ልጁ አንደኛውን ይዞ ጥንዱን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ስሙን ይናገራል። ቁልፍ ከቁልፍ፣ ላም ከላም፣ ጃንጥላ ከጃንጥላ። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው ሁሉ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ከልጆቹ ሁሉ ረጅም ስለነበርኩ ሰሌዳውን የማጠፋው፣ የላይኛውን መስኮት የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ወላጅ ሲመጣ እንኳ መምህርቷ መስዬው ስለ ልጁ ጠባይ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ወይ ነገር ሁሉ ይቀለዋል፣ ወይ ነገር ሁሉ ይጠብቅበታል። እኔ የጠበቀብኝ ነኝ። "ያ ነገር" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አላልፈውም፤ ነገሩ ስም አለው። ማጭድ ማጭድ ነው፣ ቢላዋም ቢላዋ ነው። ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት የተዉት ሰላጣ ሻጯን "ቅጠል አትበዪው፣ ሰላጣ በዪው" ብዬ ያረምኳት ቀን ነው።

ሥዕል ላይ ግን ይህ ጥብቅነቴ ምንም አልረዳኝም። የሣልኳትን አህያ ያየ ሁሉ አዝኖላታል። የሣልኳትን በግ ደግሞ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ድመት" ብለው ተቀበሏት። ጭራዋን ባስተካክል "የታመመች ድመት" አሉ። ይለይላት ብዬ ከሥሯ ግልገል ጨመርኩላት፤ "የወለደች ድመት" ሆነች። እኔም ተሸነፍኩና በጓን ከጨዋታው አወጣኋት።

ሥዕሉ ቢከዳኝም ካርዱ አይከዳኝም ብዬ አንድ ሕግ አወጣሁ። ጥንዶቹ በውፍረት እኩል እንዲሆኑ ሁለቱንም የምቆርጠው ከአንድ ካርቶን ነው። ሁለቱ ቁልፎች ከሳሙና ካርቶን፣ ሁለቱ ላሞች ከመኮሮኒ ካርቶን፣ ሁለቱ ጃንጥላዎች ከተምር ካርቶን፣ ሁለቱ አህዮች ከሻማ ካርቶን። አንደኛዋ ላም ወፍራም ሁለተኛዋ ስስ ሆና ማየት ለእኔ በአንድ እግሩ ጥቁር በአንድ እግሩ ነጭ ካልሲ አድርጎ የመጣ ሰው እንደማየት ነው። በዚህች ሕግ በጣም እኮራ ነበር። ሌሎቹን የዜሮ ክፍል መምህራን ሳይጠይቁኝ አስቁሜ አስረድቻቸዋለሁ።

ሐያት ወደ ክፍሌ የመጣችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እናቷ የምትሠራው ዐረብ አገር ነው። ልጅቷ እዚያው ተወልዳ እዚያው አፏን ፈታች፤ እናትየዋ ሥራውና ልጁ አንድ ላይ አልሆን ሲላት ወደ አገር ከሚገባ ሰው ጋር ለአያቷ ላከቻት። አያቷ እማማ ዘሀራ እጇን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሐያት ወደ ውስጥ አየችና "አሰላሙ ዐለይኩም" አለች። ክፍሉ በሙሉ፣ የቄሱ ልጅ ሳይቀር፣ "ወዐለይኩም ሰላም" ብሎ መለሰላት። እኔም፣ ቋንቋ አታውቅም ያለው ማነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም።

እማማ ዘሀራ ወደ ጥግ ሳብ አድርገው አጫወቱኝ።

"መምህርት፣ የኔና የሷ ነገር ጉድ ነው። እሷ የምትለው ለኔ አይገባኝ፣ እኔ የምለው ለሷ አይገባት። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዳ ሆነን ቁጭ።"

"እርስዎ እኮ ዐረብኛ አያጡም" አልኳቸው፤ ቁርኣን ሲቀሩ መኖራቸውን ስለማውቅ።

"ዱዓውንማ ዐውቃለሁ። በዱዓ 'ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ' አይባልም።"

"ታዲያ እንዴት ትግባባላችሁ?"

"አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ቤት ያለውን ዕቃ እያነሣሁ አሳያታለሁ። ራሷን ነቅነቅ ካደረገች ያ ነው ማለት ነው። ትናንት ትራስ ፈልጋ ነው ለካ፣ ድስቱን፣ ወንፊቱን፣ ሞረዱን ሳይቀር አሳየኋት። ሞረዱን ሳነሣ ፈርታ አለቀሰች።"

ዘመዶቹ አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። የሐያት አጎት ደሴ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከዐረብ አገር የተመለሰች ናት፤ ዐረብኛውን ትችለዋለች። ልጅቷ እዚያ ትሁን ተብሏል። እናትየዋም በስልክ እያለቀሰች ተስማምታለች። እማማ ዘሀራ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የሻርፓቸውን ጫፍ ግን ጣታቸው ላይ ሲጠቀልሉ ሲፈቱ ነበር።

"ልጄ ሄደችብኝ፤ የልጄን ልጅ እንኳ አጠገቤ ላርጋት ብዬ ነበር። ግን ልጅ ዝም ብሎ ማደግ የለበትም። የወላጆች ቀን አለ አላልሽም? መጥቼ አያለሁ። አንድ ነገር ከተናገረች ከኔ ጋር ትከርማለች። ካልተናገረች በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ደሴ አደርሳታለሁ።"

"ትናገራለች" አልኳቸው። እኔ እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። የተማመንኩት በካርዶቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጨዋታውን ጠንከር አደረግሁት። ከየጥንዱ አንዱን ካርድ ለልጆቹ አሳይቼ ሰሌን ላይ በፊቱ ደፍቼ አነጥፋለሁ። ልጁ በእጁ የያዘውን ሥዕል ያይና ወደ ሰሌኑ ሄዶ ጥንዱ የቱ ጋ እንደተደፋ አስታውሶ ይገልጣል። መጽሐፍ ላይ እንዳነበብኩት ከሆነ መጀመሪያ ላይ ልጆች በጣም ይሳሳታሉ፤ መምህር መታገሥ አለበት። እኔም ለመታገሥ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። መታገሥ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያው ልጅ ሄዶ አንድ ካርድ ገለጠ፤ ገጠመ። ሁለተኛዋም ገጠመላት። ሦስተኛውም። ካርዶቹን ባቀያይራቸው፣ ባመሰቃቅላቸው ያው ነው።

ሐያት ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። የተሰጣትን ካርድ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች፣ ትነሣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ላሟን ከላሟ ታገናኛለች። ክፍሉ "ላም" ብሎ ይጮኻል፤ እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ድምፅ ታውጣ አታውጣ ማን ያውቃል? እኔ ከንፈሩ በቂዬ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አወራሁ። "የማስታወስ ችሎታቸው ይደንቃል" አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ሰምተው፣ "እኔ የቢሮዬን ቁልፍ የት እንዳኖርኩ አላስታውስም፤ እኔንም አንድ ሳምንት አስተምሪኝ" አሉ። ከዚያ ወሬው ከእጄ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ለሱፐርቫይዘሩ ነገሩት፤ ሱፐርቫይዘሩ በወላጆች ቀን መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አለ። እማማ ዘሀራን መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ "ቃሉ ውስጧ ገብቷል፤ የቀረው መውጣቱ ነው" አልኳቸው።

"እንደ ጥርስ?" አሉ።

"እንደ ጥርስ።"

"እንግዲያ ድዷን አይመማት" ብለው አለፉ።

አሁን ወደ ጥፋቱ እየመጣን ነው። ከወላጆች ቀን በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በእንግዳ ዓይን አየኋቸው። የፊታቸውን ነገር ተዉት፤ አህያዋ ያው አህያዋ ናት። ጀርባቸው ግን የቅዳሜ ገበያ ይመስላል። እዚህ የመኮሮኒው ቢጫ፣ እዚያ የሳሙናው አረንጓዴ፣ ከጎኑ የተምሩ ዛፍ፣ ከሥሩ የሻማው ቀይ። ሱፐርቫይዘር ፊት የሳሙና ማስታወቂያ ይዞ መቅረብ አሳፈረኝ። ነጭ ወረቀት አምጥቼ፣ የዱቄት ማጣበቂያ በጥብጬ፣ የካርዶቹን ጀርባ አንድ በአንድ አለበስኩ። ጠርዛቸውን በመቀስ አስተካከልኩ። እንዲደርቁ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ባሰጣቸው የጎረቤት ዶሮዎች ዱቄቱን ሸተው መጡ። ዱላ ይዤ ስጠብቅ ዋልኩ። አንዷ አምልጣኝ የአንዱን ካርድ ጠርዝ ጠቅ ጠቅ ከማድረጓ በቀር ሁሉም በደህና ደረቁ። ነጭ፣ እኩል፣ ንጹሕ። ሳያቸው ያዘጋጀሁት ሠርግ መሰለኝ።

በማግስቱ ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሱፐርቫይዘሩ ኮቱን ቆልፎ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ተቀመጠ። እማማ ዘሀራ በር አጠገብ ናቸው፤ ሻርፓቸው ጣታቸው ላይ ነው። ሐያት ከልጆቹ መሐል ሆና አያቷን ታያለች።

መጀመሪያ የጠራሁት ሰይድን ነው፤ ድፍረት ካስፈለገ የክፍሉ ድፍረት እሱ ዘንድ ነው። የቁልፍ ካርድ ሰጠሁት። እየተንጎራደደ ወደ ሰሌኑ ሄደና ቆመ። ካርዶቹን አየ። እኔን አየ። ተቀመጠና አጎንብሶ ከጎን አያቸው። በመጨረሻ አንዱን ብድግ አድርጎ ገለጠ። ላም ናት።

"ገጠመ" አለ።

"ሰይድ፣ ቁልፍና ላም ይገጥማሉ?"

"ላሟ ተቆልፎባት ነዋ። በዚህ ትከፈታለች።"

አግዳሚው ሳቀ። አንድ አባት፣ "ላም የሚቆለፍባት አገር የት ነው?" አሉ። ከኋላቸው ያሉት ሰውዬ፣ "እኛ ቀበሌ ብትመጣ ታያለህ፤ እኛ እንኳን ላሙን ገመዱንም እንቆልፋለን" ብለው መለሱ።

ሰይድ ያፈረ አይመስልም፤ እኔ አፈርኩለት። ላሟን መልሼ፣ ካርዶቹን ቦታ አቀያይሬ፣ አሳይቼ ደፋሁና ማርታን ጠራሁ። ጃንጥላ ሰጠኋት። እሷም ሰሌኑን ዞረችው፣ እንደገና ዞረችው፣ ገለጠች፤ አህያ። ፊቷ ሊቀላ ሲል ሰይድ ከመቀመጫው፣ "ዝናብ እንዳይመታት በያ" ብሎ መከራት። "ዝናብ እንዳይመታት" አለች ማርታ።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዘንበል አለ። "ያስታውሳሉ ነው ያሉኝ?"

"እስከ ትናንት ያስታውሱ ነበር" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

እኔ ያሰብኩት እንግዳ ፈርተው ነው ብዬ ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚያምነው አያጣም። ከዚህ በኋላ የቀረችኝ ሐያት ናት፤ ተሳስታ አታውቅም፤ የእማማ ዘሀራም ጉዳይ ያለው እሷ ላይ ነው። የላሟን ካርድ ሰጠኋትና በልቤ፣ አደራ አልኳት።

ሐያት እንደ ልማዷ ካርዱን ገለበጠችው። ነጭ ነው። መልሳ ወደ ላሟ ገለበጠችው፤ እንደገና ወደ ነጩ። ወደ ሰሌኑ ሄዳ ተንበረከከች። የአንዱን ካርድ ጀርባ በጣቷ ነካች፤ የሚቀጥለውን በጥፍሯ ፋቀች። ከዚያ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፤ ካርዱን ጀርባውን አዙራ ዓይኔ ሥር ደቀነችው፤ ያዘዘው ዕቃ ጎድሎ እንደመጣለት ሰው ሆና ጠየቀችኝ፦

"መኮሮኒው የታለ?"

መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ሰይድ ነው የገለጠልኝ። "አዎ፣ የኔም ሳሙና ጠፍቷል" አለ፤ እሷ እስክትናገር እየጠበቀ የነበረ ይመስል። "የኔም ተምር" አለች ማርታ።

ለካ ልጆቼ ላምን ከላም ሲያገናኙ አልነበረም የከረሙት። መኮሮኒን ከመኮሮኒ፣ ሳሙናን ከሳሙና ነው። ጥንዶቹን ከአንድ ካርቶን የቆረጥኩት እኔ፣ ደፍቼ ያነጠፍኩት እኔ፣ ጀርባቸው በየቀለሙ "እዚህ ነኝ" እያለ ሲጠራቸው ትውስታ ነው ብዬ የፎከርኩት እኔ። ያንን ሁሉ ቀን ካርዶቹን ስመለከት የማየው የራሴን ሥዕል ነበር። በዚያ ሥዕል ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ዓይኑን የሚያቆይበት ምክንያት አልነበረውም።

ሱፐርቫይዘሩ፣ "የምን መኮሮኒ ነው?" አለ።

እማማ ዘሀራ ግን ተነሥተው ነበር። "ተናገረች" አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። መልሰው ተቀመጡ። "አልሐምዱሊላህ።" ነጠላቸውን ያጣፉት አጠገባቸው ያሉ እናትም ትከሻቸውን ይዘው "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉላቸው።

እማማ ዘሀራ ከተቀመጡበት፣ "የኔ ልጅ፣ መኮሮኒ ቤት አለ፤ እሠራልሻለሁ" አሏት።

ሐያት ዞረች። አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው፤ የሰማችውን የምትመዝን ይመስል ነበር።

"የለም" አለች።

"አለ እንጂ።"

"የለም። ሩዝ አለ። መኮሮኒ የለም።"

ከዚህ በላይ አንድ ጆሮ ምን ይፈልጋል? ሱፐርቫይዘሩ ግን ይፈልግ ነበር። "መኮሮኒም ሩዝም ከውጭ የመጡ ቃላት ናቸው እኮ" አለኝ።

"'የታለ' ከውጭ አልመጣም" አልኩት። "'የለም'ም አልመጣም።" በሕይወቴ ሰው ሳርም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስናገረው ነው እኔም ልብ ያልኩት። ካርዶቼን በሙሉ ብትገለብጡ "የታለ" የሚል ሥዕል አታገኙም። "የለም"ን እንዴት አድርጌ ልሣለው? ባዶ ካርድ? ከየት እንደተማረችው የገባኝ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ነው። ሰይድ የጨርቅ ኳሱን አጥሩ ሥር አጥቶ፣ "የታለች? የታለች?" እያለ ሲሮጥ፣ ሐያት ከኋላው እየሮጠች ታያለች፣ ትሰማለች። እኔ ደወል ሳይደወል በፊት እየወጣሁ፣ "ግቡ፣ የቃላት ትምህርት ደርሷል" እያልኩ ከዚያ ጨዋታ ሳስወጣት ነው የከረምኩት።

ለሱፐርቫይዘሩ ነገሩን አስረዳሁት፤ መሸሸግ አልችልም፣ ደግሞም አይመቸኝም። የአንዱን ካርድ ነጭ ወረቀት ጫፉን ይዤ ላጥኩለት፤ የመኮሮኒው ቢጫ ብቅ አለ። ካርዱን በፊቱም በጀርባውም አየው።

"ልጆቹ ብልሆች ናቸው" አለ። ስለ እኔ ምንም አላለም። ቀጥሎ ላሟን አስተውሎ አየና፣ "ይቺ ፍየል ናት?" አለኝ።

"ላም ናት።"

"እሺ" አለ፤ ክርክር ያልፈለገ ሰው ነው።

ወላጆቹ ሲበተኑ እማማ ዘሀራንና ሐያትን እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። እማማ ዘሀራ የሐያትን እጅ አጥብቀው ይዘዋል። ሲመጣ የነበረ ጉም ከወደ ገደሉ እየወጣ የገበያውን ቆርቆሮ መሸፈን ጀምሯል።

"የደሴው ነገርስ?" አልኩ።

"ደሴ ምን ልሠራ? ዛሬ ማታ እናቷ ስትደውል ራሷ ታናግራት።" ትንሽ አሰቡና፣ "'የታለሽ' ብትላትስ?" አሉኝ።



"እማማ፣ እውነት ቤት መኮሮኒ አለ?" አልኳቸው፤ ልጅቷ ስትደርስ እንዳታዝን ብዬ።

እማማ ዘሀራ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከየት አባቱ። እኔ መኮሮኒ ገዝቼም አላውቅ። እውነቷን ነው። እሺ ካልኳት ግን መልሳ ዝም ትልብኛለች።"

ከዚያ ቀና ብለው፣ ቁልቁል መንገዱን ጀመሩ።

"አለ ስልሽ" አሏት።

"የለም" አለች ሐያት።

"አለ።"

"የለም።"

ጉሙ ውስጥ ገብተው ከዓይኔ ከጠፉ በኋላም ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። አንዳቸውም አልተረቱም።